የካሳ ባል

ሰውየውን በክለቡ ውስጥ ሁሉም ግድግዳው ነበር የሚለው። ስሙን ያወጣለት አሰልጣኙ ነው። ልጅ እያለ የሚያጫውተው ሰው ሲያጣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ከግድግዳ ጋር ኳስ ሲማታ ይውል ነበር፤ ቴኒስን ያስተማረው ያ ግድግዳ ነው። በኋላ ሜዳ ሲገባም እንደ አስተማሪው ሆነ። የፈለግኸውን ያህል አክርረህ ምታ፣ ይመልሰዋል። አያስደነግጥህም፣ አይቀጣህም፣ ይመልሰዋል ብቻ። መጨረሻ ላይ ተጋጣሚው በገዛ እጁ ይበሽቅና ኳሷን መረብ ውስጥ ይወትፋታል። ግድግዳው የሚያሸንፈው እንዲህ ነው።

ስሙ በሌላም በኩል ገጥሞለታል። በኳስ ጨዋታ የሚመልሰውን ያህል በአፍ ጨዋታ አይመልስም። ደህና አደርክ ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ ትበላለህ ሲሉት እሺ፣ ትሄዳለህ ሲሉት እሺ። ከእናቱ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራል። እናቱ ለጎረቤት ስታወራ፣ ይሄን ልጅ ስወልደው እንኳ ያለቀሰው አዋላጇ ስትቆነጥጠው ነው ትላለች። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቃሉ ከሆዱ ተነስቶ አፉ እስኪደርስ ነገሩ ያልፍበታል።

የክለቡ ሻምፒዮን ሌላ ሰው ናት። በዕድሜም ትበልጠዋለች፣ በስምም። እሱ ገና ጀማሪ ሆኖ የተቀደደ ጫማ ሲያደርግ፣ እሷ ዋንጫ እየበላች ነበር። ምላሷ ምላጭ ነው፤ ዳኞቹ ሳይቀሩ ኳስ ወጣ ከማለታቸው በፊት ፊቷን ያያሉ። አላገባችም። ለምን ሲሏት፣ ባል ሲመጣ ውድድር ላይ ነበርኩ፣ ቤት አጥቶኝ ሄደ ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ግድግዳው ይህችን ሴት ይወዳት ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ይመጣና ቦርሳዋን የምታስቀምጥበትን አግዳሚ ወንበር በራሱ ፎጣ ጤዛውን ያብሰዋል። ከዚያ ማዶ ሄዶ ጫማውን እንደሚያስር ይሆናል። ሻምፒዮኗ የክለቡ ዘበኛ የሚያብሰው መስሏት ዘበኛውን ታመሰግናለች። ዘበኛውም ምስጋናውን ይቀበላል፤ ምን ይቸግረዋል። ግድግዳው ይህን እያየ አይከፋውም ነበር። ወንበሩ ደረቅ ከሆነ ለእሱ በቂ ነው።

አንድ ዓመት አሰልጣኙ ሁለቱን አጣመራቸው። ወንድና ሴት በአንድ ወገን ሆነው የሚጫወቱት ጥንድ ጨዋታ አለ። እሷ ትጨርሳለች፣ እሱ ይመልሳል፤ ከዚህ የተሻለ ጥንድ ከየት ይመጣል ብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ያልታሰበበት አጠራሩ ነው።

በጥንድ ጨዋታ ኳስ ከሁለቱ መሃል ስትመጣ ማን እንደሚመታት በፍጥነት መነገር አለበት። የሚመታው "የኔ" ይላል። የሚተወው ለሴቷ "ያንቺ"፣ ለወንዱ "ያንተ" ይላል። አጭር ቃል ነው፣ ኳስ ቆማ አትጠብቅም።

ግድግዳው "የኔ" ማለት አቃተው። እስቲ አስቡት፣ "የኔ" ለኳስ ብቻ የሚባል ቃል ነው? ሰው በተሰበሰበበት፣ እሷ በአንድ ክንድ ርቀት ቆማ፣ ጮክ ብሎ "የኔ" ሊል? ገና ሲያስበው ጆሮው ይግል ነበር። "ያንቺ" እንዳይል ደግሞ በሕይወቱ አንቺ ብሏት አያውቅም። ታላቁ ናት፣ ሻምፒዮን ናት፤ እርስዎ ነው የሚላት። ስለዚህ መሃል ለመጣችው ኳስ ሁሉ "የእርስዎ" ይል ጀመር። "የእርስዎ" ብሎ እስኪጨርስ ኳሷ ነጥራ፣ ደግማ ነጥራ፣ አጥሩ ስር ትተኛለች።

ተመልካቹ ነገሩን ወደደው። ኳስ መሃል በወደቀች ቁጥር ከመቀመጫው ሁሉ በአንድ ድምፅ "የእርስዎ" ይባል ነበር። ሻምፒዮኗ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች።

"ስማ፣ እኛ ቴኒስ ነው የምንጫወተው ወይስ በር ላይ ቆመን ይቅደሙ እየተባባልን ነው?" አለችው። "እኔ ይቅደሙ እየተባልኩ ዋንጫ አልበላሁም። አንቺ በለኝ።"

"እሺ" አለ።

"በላ፣ አሁን በለኝ።"

ግድግዳው አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ሻምፒዮኗ ራሷን እየነቀነቀች ሄደች። ሆኖም የሄደችው እየሳቀች እንደነበር አሰልጣኙ አይቷል፤ ለግድግዳው ግን አልነገረውም።

በውድድሩ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። በዚያን ቀን ጠዋት አሰልጣኙ ግድግዳውን ለብቻው ጠርቶ፣ ዛሬ አንድ "የእርስዎ" ከሰማሁ ከነገ ጀምሮ ሻምፒዮኗን ከሌላ ሰው ጋር አጣምራታለሁ አለው። ግድግዳው እሺ አለ። ከእሷ ጎን ከመቆም ሌላ በዓለም ላይ ያለው ነገር የለም፣ እሱንም በአንድ ቃል ሊያጣው ነው።

ጨዋታው መሃል ላይ ኳሷ ከማዶ ከፍ ብላ መጣች፤ ልክ በሁለቱ መካከል። ግድግዳው እንደ ልማዱ "የእር..." ብሎ ጀመረ። ወዲያው የአሰልጣኙ ቃል ትዝ አለው። ዋጠው። ቃሉን ከዋጠ ደግሞ ኳሷን እሱ መምታት አለበት፤ "የኔ" ሳይል፣ ምንም ሳይል፣ እየሮጠ ራኬቱን ወነጨፈ። እሷ "የእር..." የሚለውን ሰምታለች። የእሷ መሆኑን አውቃ እሷም ሮጣለች።

የራኬቱ ጠርዝ ቀኝ ዓይኗን መታው።

ድምፁን የሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ሻምፒዮኗ በጉልበቷ ወረደች፣ ከዚያ በጎኗ ተኛች። ግድግዳው አጠገቧ ተንበረከከና "አንቺ" አላት። "አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ" እያለ ሌላ ቃል ጠፋው። ከመቀመጫው በኩል ነገሩ ያልገባው አንድ ሰው ሳቀ፣ ከጎኑ ያለው ክንዱን ያዘው።

ሐኪሙ ዓይኗ አይመለስም አለ።

ግድግዳው በየቀኑ ሆስፒታል ይሄድ ነበር። ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ብርቱካኑን ይልጣል፣ ይሰጣታል፣ ይሄዳል። ሻምፒዮኗ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠምጥሞ በቀረው ዓይኗ ታየዋለች። መጀመሪያ ቀን እንዴት አደሩ አላት።

"ዓይኔን አጥፍተህም እርስዎ ትለኛለህ?" አለችው። "ከዚህ በላይ መቀራረብ ከየት ይመጣል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ አላት። የሚያስቅ ነገር ነው፣ ግን አልሳቁም።

ሻምፒዮኗ ወላጅ የላትም። ያላት አንድ ታላቅ ወንድም ነው፣ በሌላ ከተማ ጋራዥ ያለው መካኒክ። ወንድምየው ጥፍሩ ስር ያለውን የሞተር ጥቁረት እንኳ በወጉ ሳያጥብ ነበር በአውቶቡስ የመጣው። እህቱን አይቶ ወጣና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን አገኘው። ሊመታው መስሎት ግድግዳው እጁን ወደ ኋላ አደረገ፤ እንዲመታው ብሎ ነው። ወንድምየው ግን አልመታውም። አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ክለቡ ያሳክማታል፣ ከዚያስ በኋላ አለ። ዓይኗ ሄደ፣ ሥራዋ ዓይኗ ነበር፣ ሥራዋም ሄደ። ዕድሜዋ ሄዷል። እኔ የራሴ ልጆች አሉኝ፣ ሚስቴም ሚስት ናት፣ ስንት ቀን ዝም ትላለች አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየው።

"ሚስት አለህ?"

"የለኝም፣ ጋሼ።"

"እንግዲህ እኔ የማውቀው የጋራዥ ሕግ ነው። የገጨ ይጠግናል። ካልተጠገነ የገጨውን ይዞት ይሄዳል። አንተ ነህ የገጨሃት። ታገባታለህ። ካሳዋ ይሄ ነው።"

ግድግዳው ያን ጊዜ በውስጡ የሆነውን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ዘለለ። ደስታ ነው። ወዲያው ደግሞ አፈረ፤ የሰው ዓይን ጠፍቶ ምን ዓይነት አውሬ ነኝ ብሎ ራሱን ረገመ። ደስታውንም እፍረቱንም አንድ ላይ ለመደበቅ አንገቱን ደፋ።

"እሺ" አለ።

ወንድምየው ያየው የተፈረደበት ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ በቀጭን ድምፅ፣ እሺ። ለእህቱም እንዲሁ አድርጎ ነገራት፤ ልጁ ከብዶታል፣ ግን ጨዋ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ አላት። መካኒኩ መልካም ያደረገ መስሎታል።

በማግስቱ ግድግዳው ብርቱካኑን ይዞ ሲገባ ሻምፒዮኗ ተነስታ ተቀምጣ ነበር።

"የካሳ ባል መጣህ?"

ግድግዳው ወንበሩን ሳብ አደረገ።

"ወንድሜ መኪና ነው የሚያውቀው፣ አልፈርድበትም። አንተ ግን ሰው ነህ። ሰው እንዴት ለካሳ እሺ ይላል?"

ግድግዳው ብርቱካኑን አስቀመጠ። ሊነግራት የፈለገው ብዙ ነበር፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ጤዛው፣ "የኔ" ማለት ለምን እንዳቃተው። ከሁሉ ቀድሞ አፉ የደረሰው ግን ይህ ነው።

"ከበፊትም ነበር።"

"ምኑ?"

"ከበፊትም... እኔ... ከበፊት ነው።"

ሻምፒዮኗ ገባት። ስለገባት ነው የባሰ የተናደደችው። ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

"ከበፊት የነበረ ነገር ከበፊት ነው የሚነገረው" አለች። "ያኔ፣ ሁለት ዓይን እያለኝ ብትነግረኝ ምናልባት እስቅብህ ነበር፣ ምናልባትም አልስቅም። አሁን ግን የምትለኝ ቃል ሁሉ የዓይኔ ዋጋ ነው። እኔ ውሸት ነው አላልኩህም። እውነት ቢሆንም ለይቼ የማውቅበት መንገድ የለኝም። በል ሂድ፣ ብርቱካኑንም ውሰደው።"

ሄደ። ቤት ገብቶ ለእናቱ ነገራት፤ በእሱ አነጋገር መንገር ከተባለ። እናቱ ሁሉንም ከሰማች በኋላ እጇን አገጭዋ ላይ አደረገች።

"እኔ ሚስት አምጣ አልኩህ እንጂ ደብድበህ አምጣ አልኩህ?" አለችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው አለቀሰች።

ሻምፒዮኗ ከሆስፒታል ወጣች። ወንድሟ ቤት ለመሄድ ዕቃዋን ልትሰበስብ ወደ ክለቡ የመጣች ቀን፣ ግድግዳው ብቻውን ሰርቭ፣ የመክፈቻ ኳስ፣ እየለጋ ነበር። ዓይኗ ላይ ጥቁር መሸፈኛ አድርጋለች። ሳጥኗን ባዶ አደረገች፣ ቦርሳዋን ዘጋች፣ በሩ ድረስ ሄደች፣ ከዚያ ተመለሰች። ከቦርሳው ውስጥ ራኬቷን አውጥታ ሜዳው ውስጥ ገባች።

"አንድ ሴት እንጫወት" አለችው። ሴት የሚሉት ስድስት ዙር ወይም ጌም ቀድሞ ያገኘ የሚያሸንፍበትን የጨዋታ ክፍል ነው። "እንደምትችለው ተጫወት። ካዘንክልኝ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት ከጎንህም ከፊትህም ቆሜያለሁ። አንድ ኳስ እንኳ ብትምረኝ ካሳ ነው፣ እሄዳለሁ። ካልማርከኝ ግን እቀመጥና ያንን ከበፊት ያልከውን ነገር እስከ መጨረሻው እሰማሃለሁ።"

ግድግዳው እሺ ሊል ነበር፤ ተወው። ወደ መስመሩ ሄደ።

አንድ ዓይን ያለው ሰው ኳስ ሩቅ ትሁን ቅርብ አይለይም። ይሄን ግድግዳው አላሰበውም ነበር። ሻምፒዮኗ ኳሷ ሳትደርስ ትወነጭፋለች፣ ወይም ካለፈቻት በኋላ። አንዳንዴ ታገኛታለች፣ ያኔ የድሮው ምቷ ነው፤ እሱም ይመልሰዋል። መመለሱ ነው ጭካኔው። ቀኝዋ በኩል፣ በማታይበት በኩል፣ ይልክላታል፤ ማንም ተጫዋች የሚልክበት እዚያ ነውና። ጌም በጌም ላይ ወሰደባት። ዘበኛው አጥሩን ይዞ ቆመ። አሰልጣኙ ከቢሮ ወጣ። ከጎረቤት ሜዳ የመጡ ተጫዋቾች፣ ይሄ ሰው ምን ነካው፣ ዓይኗን መውሰዱ አልበቃ አለው እንዴ ተባባሉ። ሰምቷቸዋል። አንዱ "አንተ፣ እግዜርን አትፈራም?" ብሎ ጮኸበት። ሻምፒዮኗ ወደ ሰውየው ዞራ አፍህን ዝጋ አለችው።

አንዴ ወድቃ ክርኗ ተላጠ። ግድግዳው ከመረቡ ወዲህ ቆሞ ጠበቀ። ሄዶ ሊያነሳት እየፈለገ ጠበቀ። ተነስታ ቦታዋን ያዘች፣ እሱም ለጋ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ከብዶት የተጫወተ ጊዜ የለም፣ እንደዚያን ቀንም ጠርቶ የተጫወተ የለም። አንድ ኳስ አልሳተም።

የመጨረሻው ጌም፣ የመጨረሻዋ ኳስ። ይህችን ካገኘ አበቃ። ሻምፒዮኗ እንደ ምንም ነክታት ኳሷ ተንሳፍፋ መጣች፤ ከፍ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ሕፃን የሚመታት ኳስ። ግድግዳው እጁን አነሳ። ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ከቦታው የሸሸ መሰለው፣ እንደ በር ማጠፊያ ቀጭ አለ። መታት። ኳሷ መስመሩን አልፋ፣ ጓሮውን አልፋ፣ አጥሩን መታች።

ዘበኛው እጁን ከአጥሩ አነሳ።

ሻምፒዮኗ ኳሷ የተንከባለለችበትን በቀረው ዓይኗ ስታይ ቆየች። ራኬቷን ብብቷ ስር አደረገች።

"ስቼ ነው" አላት።

"አየሁህ።"

"እውነቴን ነው፣ ስቼ ነው። ትከሻዬ..."

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ሳትምረኝ ቆይተህ መጨረሻ ላይ አቃተህ" አለችው፣ ድምፅዋ ያለ ቁጣ ነው። "ጨዋ ነህ። ወንድሜ እውነቱን ነው። ግን ግድግዳ ሲስት አይተህ ታውቃለህ?"

ያኔ ግድግዳው ጮኸ። የክለቡ ሰዎች ሲጮህ ሰምተውት አያውቁም። ስቼ ነው አልኩሽ እኮ፣ ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ሰው አይስትም እንዴ እያለ ራኬቱን መሬት ላይ ወረወረው። በጮኸ ቁጥር እውነቱ እየራቀ ሄደ። የሚጮህ ሰው ደግሞ የሚዋሽ ይመስላል። ሻምፒዮኗ ቦርሳዋን አንስታ በዋናው በር ወጣች። መኪና ማቆሚያው ጋ ወንድሟ ይጠብቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መጥፎ ነው። ሻምፒዮኗ በወንድሟ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ለልጆች ስፖርት ማስተማር እንደጀመረች ተሰማ። ግድግዳው ክለቡ ውስጥ ቀረ። ትከሻው ውስጥ ያን ቀን የሸሸው ነገር ግን አልተመለሰለትም። ለማንም አልተናገረም፤ የታመመ ተጫዋች ክለቡ አያቆይም፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም። ጠዋት ሸሚዝ ሲለብስ ጥርሱን ነክሶ ነው። ሜዳ ላይ መጀመሪያ አንድ ሁለት ኳስ ይስት ነበር፣ በኋላ ብዙ፣ በኋላ ቀላል ቀላሉን። ሰው ትከሻውን አላየም። ያየው ሌላ ነው፤ የሻምፒዮኗ እንባ ነው፣ አንድ ዓይኗ ሲያለቅስበት ያድራል ይሉ ነበር። ግድግዳው ተሰነጠቀ የሚል ቀልድም ወጣ። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ግን ክለቡ ውስጥ ሳይስቅበት የቀረ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ ለእናቱ፣ ልጅሽን በሬዲዮ ሰማነው፣ ዛሬም ሁለት ሴት ለባዶ ተሸነፈ አላት።

"ሁለት ሴት?" አለች እናትየው። "አንዷስ መች ተገኘችና ነው?"

ጎረቤቱ ሊያስረዳት ሞከረና ተወው። ግድግዳው ከጓዳ ሆኖ ሰምቷል። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቅ አማረው፣ ትከሻው ስላመመው ግን ሳይስቅ ቀረ።

ሬዲዮ የሚሰማው ጎረቤት ብቻ አይደለም። ጋራዥ ውስጥም ሬዲዮ አለ። መካኒኩ ከመኪና ስር ተኝቶ ስፖርት ይሰማና ማታ ራት ላይ ለእህቱ ያወራል። ያ ልጅ ዛሬም ተሸነፈ ይላታል። ዛሬ ደግሞ ከጀማሪ ጋር። ዛሬ ደግሞ የመረብ ላይ ኳስ፣ እኔ እንኳ የምመታትን፣ አጥር ላይ ሰደዳት አሉ። ሻምፒዮኗ መጀመሪያ አትመልስም ነበር። አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀመጠችና እንዴት ነው የሚስተው አለችው። ወደ ውጪ ነው ወይስ መረብ ላይ? ከፍ ያለችውን ነው ወይስ ዝቅ ያለችውን? ወንድምየው ከፍ ያለችውን ነው አሉ ሲላት፣ ያቺ የመጨረሻዋም ኳስ ከፍ ያለች ነበረችና፣ ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

ወደሚቀጥለው ውድድር በአውቶቡስ መጣች። ለማንም ሳትናገር ከኋላ ተቀመጠች።

ግድግዳው የተጋጠመው ገና ጢም ካላወጣ ልጅ ጋር ነው። ልጁ ብልጥ ነው፤ ሁለት ሦስቴ አይቶ ከፍ ከፍ እያደረገ ይልክለት ጀመር። ግድግዳው እጁን ወደ ላይ በሰደደ ቁጥር ኳሷ የትም ትሄዳለች። ተመልካቹ መጀመሪያ አዘነ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ መጨረሻ ላይ ሳቀ። ቶሎ አለቀ። አሰልጣኙ መጥቶ የተናገረው አጭር ነው፤ ክለቡ ካሁን በኋላ አያስፈልግህም ብሏል፣ እኔ ሞክሬ ነበር አለው። ግድግዳው እሺ አለ።

ሰው ሁሉ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ዞረ። ግድግዳው ከአጥሩ ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፣ ሰው መጥቶ በስተቀኙ ተቀመጠ። ቀና ሲል ሻምፒዮኗ ናት። ግራ ዓይኗ በእሱ በኩል እንዲሆን መርጣ ነው የተቀመጠችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው። "ይሄን ሁሉ የምትስተው ለእኔ ብለህ ነው? እኔን ለማሳመን? እንደሱ ከሆነ እዚሁ ነው የምገድልህ።"

"አይደለም" አለ።

ትኩር ብላ አየችው። ያመነችም ያላመነችም አትመስልም። ንፋስ ተነስቶ ስለነበር ግድግዳው ላቡ በረደው፣ ጃኬቱን ከጉልበቱ አነሳ። ግራ እጁን አስገባ። ቀኙን ወደ ኋላ ሊሰድ ሞከረ፣ ክንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ፊቱን አዙሮ ደግሞ ሞከረ። ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ በሳል ሊሸፍን ፈለገ፣ አልሆነለትም። ጃኬቱ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሻምፒዮኗ ይህን ሁሉ እያየች ነበር። እጇ አፏ ላይ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ከዚያች ኳስ።"

ማዶ ሜዳው ላይ ኳስ ሲመታ ይሰማል። ከዚያ ተነስታ ከኋላው ቆመች፣ የጃኬቱን እጅጌ ዘርግታ ያዘችለት። እሱ ክንዱን ከፍ ማድረግ አይችልም፣ እሷ እጅጌው ከእጁ ምን ያህል እንደሚርቅ በአንድ ዓይን አትለይም። እጁን ሲሰድ እጅጌው በጎኑ ያልፋል። ዝቅ አድርጊው ይላታል፣ ታወርደዋለች፣ ያልፈዋል። ወደዚህ ይላታል፣ ወደዚያ ትወስደዋለች። አላፊ ሰው ቢያያቸው የሰከሩ ይመስሉት ነበር። በመሃል ሻምፒዮኗ፣ ምን ዓይነት ዕድለ ቢሶች ነን አለች። ሳቀች መሰለው፤ ዞሮ ሲያያት ግን ሳቅ አልነበረም።

ዞር ብሎ እንዳያት ያኔ መናገር ጀመረ። እጅጌው ገና አልገባም። ከወንበሩ ነው የጀመረው፣ ጤዛ ከነበረበት ወንበር፤ ተሳሳተ፣ ተመለሰ፣ ከሌላ ቦታ ጀመረ። ሻምፒዮኗ እጅጌውን እንደያዘች ቆማ ታዳምጠው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠችው፤ ዘበኛው አልነበረም እንዴ ብላ። አይደለም አላት፣ ቀጠለ።